የሚበላዎትን አይተዋል?

ከላሊበላ የቡና ረከቦት እስከ ጥንቱ ሰንጠረዥ፤ ዕድልንና አደጋን ቀድሞ የሚያይ ዓይን እንዴት ይሠለጥናል?

የላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ሲፈታ ከተማዋ ቀስ በቀስ ትረጋጋለች። ማለዳ ገብሱንና ጤፉን፣ በጉንና ማሩን ይዞ ሽቅብ የወጣው ገበሬ ከሰዓት በኋላ ባዶ ጆንያውን ጠቅልሎ፣ አህያውን እየነዳ ቁልቁል ይመለሳል። እኛ ከገበያው ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ክብ የድንጋይ ቤት ጥላ ሥር ተቀምጠናል። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ ረከቦቱ ቀርቧል፤ ዕጣኑ ይጨሳል። በመካከላችን ባለው በርጩማ ላይ ማዕዘኑ የተላላጠ የቼዝ ሰሌዳ ተዘርግቷል። ከጥቁሮቹ ወታደሮች አንዱ ስለጠፋ በምትኩ የለስላሳ ቆርኪ ቆሟል።

ባላጋራዬ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ አስጎብኚ ነው። መጀመሪያ የኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት ጎብኚውን ባራቁባቸው ዓመታት ሥራ ሲጠፋበት ስልኩ ላይ ቼዝ ተማረ። እኔ ከተማሪ ቤት ጀምሮ ስጫወት የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ስቀመጥ ልቤ ሞልቶ ነበር።

አቦሉ ሲቀዳ ቢሾፑን በላሁበት። ቶናው ላይ ንግሥቶቻችን ተበላሉ፤ ግንብም በግንብ ተለዋወጥን። በረካው ሲደርስ ዓይኔ መሃል ሰሌዳው ላይ ጠባቂ አጥቶ በቆመ ፈረስ ላይ አረፈ። ወጥመድ እንዳይሆን ፈራሁ፤ ብበላው መልሶ የሚበላኝ ይኖር እንደሆነ ዙሪያውን ቃኘሁ፤ ማንም የለም። የቀረኝን አንድ ግንብ ንጉሤ ካለበት ረድፍ አንሥቼ ፈረሱን በላሁ። ልጁ ስኒውን አስቀመጠ። ግንቡን በባዶው መስመር አንሸራትቶ እኔ አሁን በለቀቅሁት ረድፍ ላይ፣ ከንጉሤ ትይዩ አሳረፈው። "ቼክ።" ንጉሤን ላሸሽ እጄን ሰነዘርሁ። ከፊቱ ሦስት ወታደሮች ቆመዋል፤ ሦስቱም የእኔ ናቸው። እንዲጠብቁት ያቆምኋቸው እኔ ነኝ፤ መውጫ ያሳጡትም እነርሱ ናቸው። ጨዋታው አለቀ።

"ጋሼ፣" አለኝ ወጣቱ እንዳላፍር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ "የሚበሉትን አዩ፤ የሚበላዎትን አላዩም።"

በላስታ ተራሮች መካከል በቆየሁባቸው ቀናት ይህ ቃል ከጆሮዬ አልጠፋም። ሰሌዳው ክፍት ነው፤ የተሸሸገ ካርታ የለም፤ የተጣለ ዕጣ የለም። እርሱ ያየውን ሁሉ እኔም እያየሁት ነበር። ታዲያ ዓይኔ ሥር የነበረውን ነገር እንዴት ሳላየው ቀረሁ? ይህ ዘገባ የዚያ ጥያቄ ልጅ ነው። መልሱን ስፈልግ ሳይንሱም፣ እረኛውም፣ የራሳችን የጥንት ጨዋታም ወደ አንድ ነገር መሩኝ፦ ጥሩ ዓይን የሚሠለጥነው የሌላውን እጅ በማየት ነው።

ተራ የሌለበት ጨዋታ

ቼዝ ለኢትዮጵያ የትናንት እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን ሰንጠረዥ ይሉት ነበር። ጨዋታው ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስ በኩል ወደ ዐረቡ ዓለም ሲሻገር ሸጠረንጅ ተባለ፤ የእኛም ስም ከዚያው ግንድ የወጣ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አውሮፓውያን ሕጉን ለውጠው ለንግሥቲቱና ለቢሾፑ የዛሬውን ረጅም እርምጃ ሲሰጡ፣ ኢትዮጵያውያን እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ በጥንቱ ሕግ ጸኑ። በዚያ ጨዋታ ንግሥት የለችም። በእርሷ ቦታ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ይራመዳል። በቢሾፕ ቦታ ያለው ፊል በዚያው በሰያፍ ሁለተኛዋ ቤት ላይ ይዘላል። ደር የዛሬው ግንብ ነው፤ ፈረስ ያው ፈረስ ነው፤ መደቅ የዛሬው ወታደር ሲሆን ከመነሻውም ቢሆን ከአንዲት ቤት በላይ አይራመድም።

ጨዋታው የመኳንንት ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ከአንድ ቬኔሲያዊ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አግኝቷቸዋል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ትላልቅ ነበሩ፤ የባላጋራን ጠጠር የሚበላ ሰው በኃይል መትቶ ከቦታው ያስወግደው ነበር። ሰሌዳው እንደ ዛሬው ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ አልነበረም፤ ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር የተሰፋበት ነበር። የጣሊያን ወረራ በ1928 ዓ.ም. የመኳንንቱን ግቢ ሲበትን ጨዋታውም አብሮ ተበተነ። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ባሳተሙት ጥናት ትዝታውን ባያኖሩልን ኖሮ ብዙው ነገር ይጠፋ ነበር።

ከሕጎቹ ሁሉ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው የጨዋታው አጀማመር ነው። ስሙ ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድነት፣ ሳይጠባበቁ፣ የፈለጉትን ያህል ጠጠር እያነሡ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ተራ የሚጀምረው አንዱ የሌላውን የመጀመሪያ ጠጠር ሲበላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1848 ጀምሮ በኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ይህን አጀማመር በጉዞ ማስታወሻው መዝግቦታል።

እስቲ ራስዎን በዚያ ቀይ ጨርቅ ፊት ያስቀምጡ። ባላጋራዎ እርስዎን አይጠብቅም። ፈረሱን አንዴ አንሥቶ ሲያበቃ ደግሞ ሊያነሣው ይችላል። ዓይንዎን በራስዎ ጠጠር ላይ ብቻ ከተከሉ ቀና ሲሉ የሌላው ጦር በርዎ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ እጅ እያሰለፈ ሁለት ዓይን የሌላውን እጅ ይከተላል፤ እርሱ ያቆመውን እያዩ የራስዎን ያስተካክላሉ። በዚያ በርጩማ ላይ የተሸነፍሁት እኔ በዚህ ትምህርት ቤት ብማር ኖሮ ግንቤን ከማንሣቴ በፊት የልጁን ግንብ አየው ነበር። የዛሬው ቼዝ ተራ በመስጠቱ ያዘናጋል፤ "አሁን የእኔ ጊዜ ነው" ብሎ የራስን አሳብ ብቻ መብሰልሰል ይመጣል። በወረራ ውስጥ ግን የእኔ ጊዜ የሚባል ነገር የለም።

እረኛው ምን ያያል?

ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም የሚወስደው መንገድ ትንፋሽ ያስቆጥራል። ከዚያ በላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ አገር ነው። በዚያ መንገድ ላይ አንድ አሥር ዓመት የሚሆነው እረኛ ልጅ ገብስ ሲጠብቅ አገኘሁ። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ወንጭፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከማሳው በላይ ባለው ግጦሽ ላይ ጭላዳዎች ተሰማርተዋል፤ መቁጠር ጀምሬ አርባ ሳልደርስ ተሳሳትሁ።

"ይህን ሁሉ እንዴት ትጠብቃለህ?" አልሁት።

"ሁሉንም አላይም፣" አለኝ። "ተቀምጦ የሚግጠው አያሰጋም። አንገቱን አቅንቶ እኔን የሚያየኝ እርሱ ነው ሌባው።"

ልጁ ስለ ደች የሥነ ልቦና ሊቅ አድሪያን ደ ግሮት አልሰማም። ደ ግሮት እ.ኤ.አ. በ1946 ባቀረበው ጥናት የቼዝ ሊቃውንትንና መካከለኛ ተጫዋቾችን አንድ ዓይነት ሰሌዳ ፊት አስቀምጦ፣ የሚያስቡትን ድምፅ አውጥተው እንዲናገሩ አደረጋቸው። ብዙ ሰው ሊቁ አሥር ወይም አሥራ አምስት እርምጃ ወደፊት የሚቆጥር ይመስለዋል። ደ ግሮት ያገኘው ሌላ ነው። ሊቃውንቱ ከሌሎቹ ያን ያህል አርቀው አልቆጠሩም፤ ከመጀመሪያው ቅጽበት ጀምሮ ግን ትክክለኛውን ነገር ነበር የሚያዩት። መካከለኛው ተጫዋች ብዙ መጥፎ እርምጃ በጥንቃቄ ሲመረምር ሊቁ ጥቂት ጥሩ እርምጃ ይመረምራል።

እ.ኤ.አ. በ1973 ዊሊያም ቼይስና ኸርበርት ሳይመን በአሜሪካ ይህን ገፉበት። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አሰላለፍ ለአምስት ሰከንድ ያህል ብቻ አሳይተው ሸፈኑት፤ ከዚያ በባዶ ሰሌዳ ላይ መልሱ አሉ። ሊቁ አብዛኛውን ጠጠር በቦታው መለሰ፤ ጀማሪው ጥቂቱን። ቀጥለው ጠጠሮቹን በዘፈቀደ በትነው አሳዩ። የሊቁ ብልጫ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ታላቅ የማስታወስ ተሰጥኦ ቢሆን ኖሮ የተበተነውንም ባስታወሰ። ሊቁ የሚያየው ነጠላ ጠጠር አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ያያቸውን፣ ትርጉም ያላቸውን ስብስቦች ነው። ንጉሥ፣ ሦስት ወታደር፣ አጠገባቸው ግንብ፤ ለእርሱ ይህ አምስት ነገር ሳይሆን አንድ ቃል ነው። እኛ "ገበያ" የሚለውን ቃል ስናነብ ፊደል እንደማንቆጥር እርሱም አይቆጥርም።

ገብስ ጠባቂውም እንዲሁ ነው። አንገቱን ያቀና ጭላዳ ለእርሱ የታወቀ ቃል ሆኗል፤ ከስንት ክረምት ዝርፊያ በኋላ የተማረው ቃል። ይህ ለማንኛውም ተማሪ የምሥራች ነው። ማየት አብሮን የተወለደ ስጦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የተሰጠው ይዞ፣ ያልተሰጠው ትቶ ይሄድ ነበር። ቃል ከሆነ ግን ይለመዳል።

የታወቀው መፍትሔ ሲጋርድ

ልምድ ግን የራሱ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሜሪም ቢላሊች፣ ፒተር ማክሊዮድና ፈርናንድ ጎቤ ባወጡት ጥናት ለጎበዝ ተጫዋቾች አንድ ጥያቄ ቀረበ። በሰሌዳው ላይ ሁለት የማሸነፊያ መንገድ ነበር። አንዱ በቼዝ ዓለም በጣም የታወቀ ነው፦ ንጉሡ በራሱ ሰዎች ተከቦ መተንፈሻ ሲያጣ ፈረስ ዘሎ የሚጨርስበት፤ አምስት እርምጃ ይፈጃል። ሁለተኛው ብዙም አይታወቅም፤ በሦስት እርምጃ ግን ይጨርሳል። ተጫዋቾቹ የታወቀውን ወዲያው አገኙ። ከዚህ ያጠረ ፈልጉ ተባሉ፤ ፈለግን፣ አላገኘንም አሉ። የዓይናቸውን እንቅስቃሴ የሚከታተለው መሣሪያ ግን ሌላ መሰከረ። አዲስ ነገር እየፈለጉ እንደሆነ ከልባቸው ሲያምኑ ዓይናቸው ከመጀመሪያው መፍትሔ ቤቶች ላይ አልነቀል ብሎ ነበር።

ይህን ሳነብ በርጩማው ላይ የነበረውን ፈረስ አሰብሁ። ወጥመድ መኖር አለመኖሩን የፈተሽሁ መስሎኝ ነበር። የፈተሽሁት ግን ፈረሱ የቆመበትን ቤት ዙሪያ ብቻ ነው። ሞቴ ያለው በሌላኛው የሰሌዳው ጫፍ፣ እኔ በተውሁት ረድፍ ላይ ነበር። ደስ ያለኝ ነገር ዓይኔን አስሮት ነበር።

እዚህ ላይ የአያቶቻችን ሕግ ጥበብ ይገለጻል። በሰንጠረዥ ማሸነፍ ሁሉ እኩል አልነበረም። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ የጨረሰ ሰው ብዙ አይመሰገንም። በፈርዝ ወይም በፊል፣ በእነዚያ አጭር እርምጃ ባላቸው ጠጠሮች የጨረሰ ይከበራል። በመደቅ የጨረሰ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይወደሳል። እንግዲህ ጨዋታ አዋቂው የመጀመሪያውን ማሸነፊያ ሲያገኝ እጁን አይሰድም፤ ይይዘዋል፤ ሌላ ይፈልጋል። ቢላሊችና ባልደረቦቹ በላቦራቶሪ ያገኙትን ሕመም ያ ልማድ በክብር ሕግ ያክመው ነበር። ከዚህም ሌላ ተመልካቹ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በግልጽ ይመክራል፤ ይከራከራል። የአንዱ ዓይን ሲታሰር የሌላው ዓይን ይፈታዋል።

ከመንካት በፊት

ከላሊበላ ውቅር ቤተ ክርስቲያኖች አንዱ በሆነው በቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያውን ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹ መስቀሎች። ሕንፃው ከአንድ ቋጥኝ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ ቁመቱ 12 ሜትር ያህል ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ የሚያነባብር ግንበኛ ቢሳሳት ያፈርሳል፤ ይደግማል። ከላይ የሚፈለፍል ግን የቆረጠውን አይቀጥልም። መሮውን ከማሳረፉ በፊት የመስኮቱ ልክ፣ የበሩ ደፍ፣ የግድግዳው ውፍረት በአሳቡ ተቀርጾ ማለቅ አለበት። ውበቱን ብቻም አላሰበም። የላስታን ክረምት ያውቃል፤ ጣሪያው ላይ የሚያርፈውን ዝናብ የሚያወርዱ አሸንዳዎችን ከዚያው ከቋጥኙ አወጣ። ደመና በሌለበት ቀን ዝናቡን አየው ማለት ነው።

በቼዝ ውድድር የነካኸውን ታንቀሳቅሳለህ፤ የለቀቅኸውን አትመልስም። ስለዚህ ሥልጠናው ሁሉ ከመንካት በፊት ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ ይሰበሰባል። አሠልጣኞች የሚያስተምሩትንና ራሴ የተፈተንሁበትን አዋህጄ በአራት ጥያቄ አስቀምጠዋለሁ።

የመጀመሪያው፦ ባላጋራዬ ያንን ያነሣው ለምንድን ነው? ተራው ቢደገምለት ምን ያደርገኛል? ይህ የወረራ ጥያቄ ነው። ተራ የሌለ ይመስል በአሳብዎ አንድ እርምጃ ይጨምሩለት፤ የሚያደርገው መጥፎ ነገር ካለ እርሱ ነው አደጋው።

ሁለተኛው፦ ጠባቂ ያጣ ጠጠር የትኛው ነው? የእርሱንም የራስንም መቁጠር ነው። በቼዝ የሚደርሱት ድንገተኛ ምቶች አብዛኞቹ የሚወለዱት ብቻውን ከቀረ ጠጠር ነው። ፈረስ በአንድ ዝላይ ንጉሡንም ግንቡንም የሚይዝበት፣ ከፊት ያለው ጠጠር ሲነሣ ከኋላ ያለው መንገዱ ተከፍቶለት የሚመታበት፣ ንጉሡ ከኋላው ስላለ ጠጠሩ ታስሮ መነቃነቅ የማይችልበት፤ እነዚህ ሁሉ ብቸኛውንና የታሰረውን ያጠቃሉ።

ሦስተኛው፦ ቼክ፣ መብላት፣ ማስፈራራት። በዚህ ቅደም ተከተል፣ ያለውን ሁሉ፣ ሞኝነት የሚመስለውንም ሳይቀር፣ መጀመሪያ ለባላጋራ ቀጥሎም ለራስ መቃኘት። ቼክ ይቀድማል፤ ምክንያቱም ምርጫ አይሰጥም።

አራተኛው ለእኔ ከሁሉ የከበደው ነው፦ ይህን ሳነሣ ምን ትቼ እሄዳለሁ? እያንዳንዱ ጠጠር ካለበት ሆኖ አንድ ነገር ይጠብቃል። ግንቤ ፈረሱን ሊበላ ሲሄድ በሩን ባዶ ጥሎ ሄደ።

የሚጠብቀንም ነገር መፈተሽ አለበት። ከላሊበላ ቤተ ክርስቲያኖች አንዳንዶቹን ከዝናብ ለመከላከል ታላላቅ መጠለያዎች ተተክለውላቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ተጠናቀቁ። ከአሥር ዓመት በኋላ የከተማው ሕዝብ መጠለያው ራሱ በቅርሱ ላይ አደጋ እንዳያደርስ ፈርቶ አደባባይ ወጣ። ትናንት ጋሻ የነበረው ዛሬ ሸክም ሊሆን ይችላል፤ ከንጉሤ ፊት የቆሙት ሦስት ወታደሮችም ይህንኑ አስተምረውኛል። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ በሰላሙ ጊዜ አንዱን ወታደር አንዲት ቤት ገፍቶ ለንጉሡ መስኮት መክፈት።

እንደ ግንደ ቆርቁር

ጥያቄዎቹን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ዓይን ሳይጠየቅ እንዲመልስ ማድረግ ሌላ ነው። ይህ በድግግሞሽ ብቻ ይመጣል። የዐረብ ሊቃውንት ይህን ቀድመው አውቀው፣ መንሱባት የሚሏቸውን የሰሌዳ እንቆቅልሾች ከሺህ ዓመት በፊት በመጽሐፍ ይሰበስቡ ነበር። በ10ኛው መቶ ዓመት የኖረው የባግዳዱ አስ-ሱሊ ከሁሉ የታወቀው ነው።

በዘመናችን ሃንጋሪያዊው ላስሎ ፖልጋር ሦስት ሴት ልጆቹን በዚሁ መንገድ አሳደገ። ከመካከላቸው ጁዲት እ.ኤ.አ. በ1991 በ15 ዓመቷ ግራንድ ማስተር ሆና ቦቢ ፊሸር በ1958 የያዘውን የዕድሜ ክብረ ወሰን ሰበረች። አባትየው ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ 5,334 ጥያቄና ጨዋታ አለ። ከእነዚህ ውስጥ 306ቱ በአንድ እርምጃ፣ 3,412ቱ በሁለት እርምጃ፣ 744ቱ በሦስት እርምጃ የሚያልቁ ናቸው። ልብ ይበሉ፤ ከግማሽ የሚበልጠው ሁለት እርምጃ ብቻ የሚጠይቅ ነው። ሊቅ የሚገነባው በትንንሹ ነው፤ ትንንሹ ደግሞ ብዙ ነው።

ስዊድናውያኑ አክሴል ስሚዝና ሃንስ ቲካነን ድግግሞሹን ዘዴ አድርገው በወፍ ስም ጠሩት፤ ግንደ ቆርቁር። ተማሪው የተወሰኑ ጥያቄዎች መርጦ ይሠራል፤ ሲጨርስ እነዚያኑ ከመጀመሪያው ባጠረ ጊዜ ይደግማል፤ ደግሞም ይሠልሳል፤ ግንዱ እስኪበሳ። አዲስ ጥያቄ የሚያሳድድ ተማሪ ብዙ ያያል፤ የሚቀርለት ግን ጥቂት ነው። የቆሎ ተማሪ ዳዊቱን እስኪያንበለብለው የሚደጋግመው ለዚህ አይደለምን? አብነት ትምህርት ቤቶቿ በየደብሩ ላሉባት ላስታ ይህ ዘዴ ባዕድ አይሆንም።

ውድ ነገርም አይጠይቅም። ፊዮና ሙቴሲ ያደገችው በካምፓላ ካትዌ በተባለ የድሆች ሠፈር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ግን በሳይቤሪያ በተካሄደው የቼዝ ኦሊምፒያድ ላይ ለኡጋንዳ ተሰልፋለች። ካርቶን ላይ የተሠመረ ሰሌዳና ቆርኪ ለመጀመር ይበቃል። ስልክ ያለው ሊቼስ በተባለው ነጻ መተግበሪያ ላይ ያለ ክፍያ መለማመድ ይችላል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ደብተር አለ። ላሊበላ ያገኘሁት ወጣት ኪሱ ውስጥ አንዲት ደብተር ይይዛል። በቀኝ ገጹ የተሸነፈበትን ሰሌዳ በእርሳስ ይሥላል፤ በግራው ያላየውን ነገር በአንድ መስመር ይጽፋል። ዘወትር ማለዳ፣ ሥራ ከመውጣቱ በፊት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ደብተሩን ይገልጣል። ሽንፈቶቹን አሳየኝ፦ "ፈረሱ ወደ ኋላም እንደሚዘል ረሳሁ።" "ቢሾፑ ከሩቅ ያይ ነበር።" "በደስታ ተጣደፍሁ።" ከሁሉ በላይ የተደጋገመው ይህ የመጨረሻው ነበር። የራሱን ስሕተት እንዲህ በስሙ የሚጠራ ሰው ያሸነፈኝ በአጋጣሚ አይደለም።

ይህ ትምህርት ሰሌዳው ላይ ብቻ ይቅር አልልም፤ ከሰሌዳው ውጭ ሁሉን ይፈታል ብዬም አላጋንንም። ሳይመንና ቼይስ እንዳሳዩት የቼዝ ዓይን የቼዝ ቃላት ያሉት ዓይን ነው፤ ገብስ ለመጠበቅ ከልጁ ዘንድ መማር ያስፈልጋል። ወደ ሕይወት የሚሻገረው አንድ ልማድ ይመስለኛል፤ ደስ የሚል ነገር ሲያዩ እጅን ለቅጽበት መያዝና "ሌላው ሰው ምን እያየ ነው?" ብሎ መጠየቅ።

ቀዩ ጨርቅ

ከላሊበላ ከመነሣቴ በፊት በነበረው ምሽት ወደዚያው ግቢ ተመለስሁ። ስለ ወረራ ነግሬው ስለነበር ልጁ እናቱን ቁራጭ ቀይ ጨርቅ ለምኖ ቆየኝ። በከሰል ሰባት መስመር በቁመት፣ ሰባት በአግድም ሠመርንበት፤ ስድሳ አራት ቤት ሆነ። ንግሥቶቹን ፈርዝ፣ ቢሾፖቹን ፊል ብለን ሰየምናቸው። ቆርኪው መደቅ ሆነ።

"ተራ የለም?" አለኝ እንደገና።

"የለም። እስኪበላላ ድረስ።"

ጀመርን። መጀመሪያ እጆቻችን ተሽቀዳደሙ፤ ጠጠሮቹ በጨርቁ ላይ ድምፅ ሳይሰጡ ይንሸራተቱ ነበር። ፈረሱን አወጣ፤ መደቄን አነሣሁ፤ ፊሉን አዘለለ፤ ፈርዜን አስጠጋሁ። ከዚያ እጁ ዘገየ። የእኔም ዘገየ። እርሱ ደሩን ሊያነሣ ሲል እጄ የምትሄድበትን አይቶ ተወው። እኔም ፈረሴን ላስወጣ ብዬ ዓይኑ ያረፈበትን ቤት አይቼ መለስሁት። ከንጉሤ ፊት ያለችውን አንዲት መደቅ ገፋሁ፤ መስኮት ከፈትሁ። አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

እናቱ ጀበናውን አንሥታ ወደ ጨርቁ አጎነበሰች። "እህ፣ ዛሬስ ማን በላ?"

"ገና ነው፣ እማዬ፣" አላት ዓይኑን ከእጄ ሳይነቅል። "እየተያየን ነው።"